ቅጣት፣ አደራ፣ ዕድል፣ ገመና፦ የልጆች በደል የሚጠለልባቸው ስሞች

በአማርኛ በልጅ ላይ ለሚፈጸም ድርጊት ስም የሚወጣለት ከጉዳቱ መጠን ይልቅ ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ከልጁ ጋር ባለው ቅርበት ነው። የማያውቀውን ልጅ በቀበቶ የገረፈ ሰው ደበደበ ይባላል፤ አባት በዚያው ቀበቶ የወለደውን ልጅ ሲገርፍ ቀጣ ይባላል። የሰው ልጅ ያለ ደመወዝ ያሠራ በዝባዥ ተብሎ ሲወገዝ፣ የዘመድ ልጅ ከገጠር አስመጥቶ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያሠራ ግን አደራ እንደ ተቀበለ ተቆጥሮ ይመሰገናል። ምግብና ክትትል አጥቶ የቀጨጨ ልጅ ዕድሉ ነው ይባልለታል፤ በቤተ ዘመድ የተደፈረች ልጅ ነገር ደግሞ የቤት ገመና ነው ተብሎ በር ይዘጋበታል። ቅጣት፣ አደራ፣ ዕድልና ገመና በራሳቸው ክፉ ቃላት አይደሉም፤ እንዲያውም ሥርዓትን፣ መተማመንን፣ ተስፋንና መከባበርን የተሸከሙ፣ ያለ እነርሱ የኢትዮጵያን ቤተሰብ ማሰብ የሚያስቸግር ቃላት ናቸው። በልጆች ላይ የሚደርስ በደል በቀላሉ የማይለየውም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ የተከበሩ ስሞች ተጠልሎ ስለሚኖር ነው፤ ምልክቱን የሚያይ ዓይን ሞልቶ ሳለ፣ ያየውን በሌላ ስም ለመጥራት የሚደፍር አንደበት ያንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 በጠራው የባለሙያዎች ምክክር ላይ የወጣውና ዛሬም ብዙ ጥናት የሚመራበት ብያኔ ይህን የስም ጣጣ በተዘዋዋሪ ይነካዋል። በብያኔው መሠረት በልጅ ላይ የሚደርስ በደል ማለት በኃላፊነት፣ በእምነት ወይም በሥልጣን ላይ በተመሠረተ ግንኙነት ውስጥ የልጁን ጤና፣ ሕይወት፣ ዕድገት ወይም ክብር የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል አካላዊ፣ ስሜታዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ ቸልታ፣ ወይም ብዝበዛ ነው። ብያኔው በሦስት ቃላት የዘረዘረውን ግንኙነት አማርኛ አደራ በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል፤ የበደሉ ክብደትም ከዚያው የሚመነጭ ነው፣ ልጁ ሸሽቶ የሚጠለልበት ቤት የጎጂው ቤት ነውና። ሌላው ልብ የሚባል ነገር ብያኔው ጎጂው ስለ ነበረው ሐሳብ አለመጠየቁ ነው፦ ለልጁ ብሎ፣ ወግ ይዞት ወይም ሳያውቅ ያደረገው ቢሆንም፣ መለኪያው በልጁ ላይ የደረሰው ወይም ሊደርስ ይችል የነበረው ነገር ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ መንቀል፣ ቅንድብ መብጣትና የሴት ልጅ ግርዛት ለልጁ ደኅንነት ታስበው የሚፈጸሙ ሆነው ሳለ በጎጂ ልማድነት የሚቆጠሩት በዚህ መለኪያ ነው።

ቅጣት

ሕክምና ራሱ በዚህ ስም ስር ያለውን ጉዳት ለማየት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። ፓሪሳዊው የፎረንሲክ ሐኪም አምብሯዝ ታርዲዩ እ.ኤ.አ. በ1860 በወላጆቻቸውና በአሳዳጊዎቻቸው የተሠቃዩ 32 ልጆችን ጉዳይ መርምሮ ቢያሳትምም፣ ጽሑፉ በባልደረቦቹ ዘንድ ያልተነበበ ያህል ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ጆን ካፊ በስድስት ሕፃናት ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ፤ ሕፃናቱ በራስ ቅላቸው ስር የቆየ የደም ክምችት ያለባቸው ሲሆን፣ የእጅና የእግር አጥንቶቻቸውም ብዙ ቦታ ላይ ተሰብረው ነበር፣ ይህን ሊያደርስ የሚችል አደጋ ግን የተናገረ ወላጅ አልነበረም። ካፊ ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ፣ ማን አደረሰው ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ አለፈ። ጥያቄው በግልጽ የተመለሰው የዴንቨሩ የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና የሙያ አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ1962 «የተደበደበ ሕፃን ሲንድረም» በሚል ርእስ ባወጡት ጽሑፍ ነው፤ ሲንድረም ማለት ተያይዘው የሚገኙ ምልክቶች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የአሜሪካ ስቴቶች በሙሉ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ለሚመለከተው አካል የሚቀርብበትን ሕግ አወጡ። ከ1946 እስከ 1962 ባለው ጊዜ የራጅ ፊልሙ ያው ፊልም ነበር፤ አንዱ ስብራት ትኩስ፣ ሁለተኛው በግማሽ የጠገገ፣ ሦስተኛው የዳነ ሆኖ በአንድ ሕፃን ገላ ላይ ይታይ ነበር፤ ለሐኪሞቹ የከበዳቸው ወላጅ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማመን ነው።

ልጆች ይወድቃሉ፤ የሚሮጥና ዛፍ የሚወጣ ልጅ ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ አገጩና ግንባሩ መቁሰሉ የጤንነት ምልክት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነርስ ቁስል መኖሩን ካየች በኋላ ወዲያው የምትጠይቀው ቦታውን ነው። አጥንት ከቆዳ ስር ጎልቶ በሚወጣበት ቦታ ያለ ሰንበር አብዛኛውን ጊዜ የመውደቅ ነው፤ ሥጋ በሚበዛበትና ልጅ ሲወድቅ በማይመታበት ቦታ፣ ማለትም በታፋ ውስጠኛ ገጽ፣ በመቀመጫ፣ በሆድ፣ በጉንጭ፣ በጆሮና በአንገት ላይ ያለ ሰንበር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። የሕፃናት ሐኪሟ ሜሪ ክላይድ ፒርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልምድ ለድንገተኛ ክፍል የሚመች ደንብ አደረጉት፦ ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች በሆነ ልጅ በደረት፣ በሆድና በጀርባ ዙሪያ፣ በጆሮ ወይም በአንገት ላይ የሚታይ ሰንበር፣ እንዲሁም አራት ወር ባልሞላው ሕፃን በየትኛውም የሰውነት ክፍል የሚታይ ሰንበር ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ገና መገላበጥ ያልጀመረ ሕፃን ራሱን አያቆስልም፤ ጆሮ መጎተትና ጭን መቆንጠጥ እንደ ቀላል ተግሣጽ በሚታዩበት አገርም ደንቡ የሚጠቁማቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ ለማንም የሚሰወር አይደለም።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የሰንበር ቀለም ቶሎ ስለማይለይ፣ መርማሪው ከዓይኑ ይልቅ በጣቱ ማየት ይኖርበታል፤ ያበጠውን፣ የጠነከረውን፣ ሲነካ ልጁን የሚያሸማቅቀውን ቦታ ይፈልጋል። በአንጻሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በወገባቸውና በመቀመጫቸው ላይ ይዘውት የሚወለዱት ሰማያዊና ግራጫ የተቀላቀለበት ምልክት፣ የማያብጥ፣ የማያም፣ በቀናት ውስጥ ቀለሙ የማይለዋወጥና ልጁ ሲያድግ የሚደበዝዝ በመሆኑ ከሰንበር ይለያል፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ንጹሕ ወላጅ ላይ ሊያነጣጥር ይችላል። በደልን መለየት በደል ያልሆነውን መለየትንም ይጨምራል፤ ይህኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ቃጠሎ ከሁሉም ይልቅ ጉልህ ጽሑፍ ይጽፋል። ከምድጃ ላይ ድስት ወይም ጀበና ጎትቶ የደፋ የሁለት ዓመት ልጅ ፊቱ፣ ትከሻውና ደረቱ ላይ ይቃጠላል፤ ቃጠሎው ከላይ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበና እየቀለለ ይሄዳል፣ ጠርዙም የተበጣጠሰ ነው፣ ምክንያቱም ውኃ ሲወርድ ይበርዳል፣ ልጅም ይፈራገጣል። ተይዞ በፈላ ውኃ ውስጥ የተነከረ ልጅ እግር ግን ካልሲ የለበሰ ይመስላል፤ ቃጠሎው በሁለቱም እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፣ በተቃጠለውና በጤነኛው ቆዳ መካከል ያለው መስመር በክር የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው፣ ፍንጥቅጣቂም አይኖረውም። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሲሆን፣ «ገንዳ ውስጥ ገባ» የሚለው ታሪክም እናት ስትጠየቅ አንድ፣ አክስት ስትጠየቅ ሌላ መልክ ይይዛል። የዘገየ ሕክምና፣ የሚለዋወጥ ታሪክና ከልጁ ዕድሜ ጋር የማይሄድ ማብራሪያ፣ ለምሳሌ የሦስት ወር ሕፃን ሶፋ ላይ ወጥቶ ወደቀ መባሉ፣ ከቁስሉ እኩል ምልክቶች ናቸው።

ምልክት የማይተው ቅጣትም አለ። በርበሬ ማጠን የሚባለው፣ በከሰል ፍም ላይ በርበሬ ነስንሶ የልጁን ራስ በነጠላ ወይም በጋቢ ሸፍኖ ጢሱን እንዲምገው ማድረግ፣ በማግስቱ በልጁ ገላ ላይ አንድም ሰንበር አይተውም፤ ከመቅላት በቀር ዓይኑም ምንም አይናገርም፣ አስም ላለበት ልጅ ግን የመተንፈሻ ቧንቧን እስከ መዝጋት ሊደርስ ይችላል። በጠጠር ላይ ማንበርከክም እንዲሁ ነው። ብዙ ጎልማሶች ይህን እየሳቁ ያወሩታል፤ ሳቁ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ሁለት እጅ አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ስለ መኖሪያ ቤት ግን ዝም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ስር ያለን አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ማንገላታትን፣ ችላ ማለትን፣ ከአቅም በላይ ማሠራትንና መደብደብን ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ጉዳቱ በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም ዕድገት ላይ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ እስራት ይሆናል፣ የቤተሰብ መብት መሻርም ይታከልበታል። በዚያው አንቀጽ ሦስተኛ ንዑስ ቁጥር ላይ ግን ሕጋዊና ምክንያታዊ የሆነ ተግሣጽ የመስጠት መብት ከድንጋጌው ውጭ ተደርጓል። ምክንያታዊ የሚለው ቃል ልኩ የት እንደሆነ አልተነገረም፤ ልኩን በየቤቱ የሚወስነው ቀበቶውን የያዘው ሰው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን በር በሕግ በመዝጋት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች።

አደራ

በአዲስ አበባ የማታ ትምህርት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ክፍሎቹን ከሚሞሉት ተማሪዎች መካከል በሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዷን በቅርብ የሚያይ መምህር የሚያየው ይህን የመሰለ ነው፦ አሥራ ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ የመዳፏ ቆዳ በበረኪና ነጥቶ የጣቶቿ መገናኛ ተሰነጣጥቋል፤ ዘግይታ ትገባለች፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ክንዷ ላይ ተደፍታ ትተኛለች፣ ስልክ ሲጮኽ ደንግጣ ትነሣለች። ደመወዟ ስንት እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም፤ «ለአባቴ ይልኩለታል» ትላለች። የምትኖርበትን ቤት ባለቤት አክስቴ ትላለች፣ የቤቱ ልጆች ግን በቀን ሌላ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ልጅቷ ከገጠር የመጣችው «አስተምራታለሁ» በሚል ቃል ነው፤ ቃሉም ቢያንስ በወረቀት ተጠብቋል፣ ምክንያቱም ደብተር አላት።

የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ የሚባለው ልጅን ከትምህርቱ፣ ከጤናው፣ ከእንቅልፉና ከጨዋታው የሚነጥቅ ሥራ ነው እንጂ፣ ጥጃ የሚጠብቅ ወይም ለቡና ቄጤማ የሚጎዘጉዝ ልጅ ሁሉ ተበዘበዘ ማለት አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 42.7 በመቶው በዚህ ትርጉም መሠረት በብዝበዛ ውስጥ ተገኝተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፣ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል፤ በመኖሪያ ቤት ለሚሰጥ የግል አገልግሎት ግን አዋጁ ተፈጻሚ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ የሚያስቆመው ሥራ ማድቤት ውስጥ ሲሆን የሚያየው የለም።

ከጉልበቱ ብዝበዛ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውና ከሁሉም ይልቅ ለማረጋገጥ የሚያስቸግረው ስሜታዊ ጥቃት ነው። ስሜታዊ ጥቃት ማለት ልጅን በየጊዜው ማዋረድ፣ ማስፈራራት፣ መነጠል፣ ከሌላ ጋር እያነጻጸሩ ዋጋ ማሳጣት፣ ወይም እንደሌለ መቁጠር ሲሆን፣ ቁጣ ገንፍሎ ከተነገረ አንድ ክፉ ቃል የሚለየው የአኗኗር ስልት በመሆኑ ነው። እናት ቢደክማት «ጅብ ይብላህ» ማለቷ ልጁን አይሰብረውም፤ በስሟ ተጠርታ የማታውቅ፣ ሁሉም ከበላ በኋላ ለብቻዋ ማድቤት የምትበላ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምትገባ ልጅ ግን ማን እንደሆነች በየቀኑ ትማራለች። ምልክቱ በልጆች ላይ ይለያያል፤ አንዱ ፍጹም ታዛዥና ዝምተኛ ይሆናል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይማታል፣ ሦስተኛው ወዳለፈው ዕድሜው ተመልሶ አልጋ ላይ ይሸናል። መምህራን ሁለተኛውን ይቀጣሉ፣ የመጀመሪያውን ይሸልማሉ።

አደራ ውቅያኖስ ተሻግሮ የተሰጠበት አንድ ጉዳይ የበደል ዓይነቶች ተለያይተው እንደማይመጡ በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጉዲፈቻ፣ ማለትም የሌላን ልጅ በሕግ የራስ ልጅ አድርጎ በመውሰድ፣ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት የተወሰደች አንዲት ልጅ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በብርድ ሞተች፤ የተመጣጠነ ምግብ ማጣቷም ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉ ተረጋግጧል። በችሎቱ እንደተሰማው ልጅቷ በቱቦ ትገረፍ፣ ምግብ ትከለከል፣ ከቤተሰቡ ተለይታ ውጭ ትበላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባት ነበር፤ አካላዊ ጥቃቱ፣ ቸልታውና ስሜታዊ ጥቃቱ በአንድ ጣሪያ ስር ነበሩ፣ የቤቱ ስም ግን ለሁሉም ሥርዓት ማስያዝ የሚል ነበር። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ሚስትየው 37 ዓመት፣ ባልየው 28 ዓመት ገደማ ተፈርዶባቸዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ መላክ ከልክላለች።

ያ ክርክር አንድ ሌላ ነገር አስከትሎ ነበር። ከቀረቡት ክሶች አንዱ የሟቿ ዕድሜ ከ16 ዓመት በታች መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህን የሚያስረዳ አስተማማኝ ሰነድ ባለመኖሩ አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ለዕድሜ ምርመራ ቀርቧል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው ያልተመዘገበ ልጅ በጋብቻ ጉዳይ ሲቀርብ በቁመቱ፣ በሥራ ጉዳይ ሲቀርብ በጉልበቱ ይገመታል፤ ግምቱም ሁልጊዜ ወደ ገማቹ ጥቅም ያዘነብላል።

ዕድል

ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው አነጋገር ብዙ ድሃ ወላጅ ያጽናና አነጋገር ነው፤ ቸልታም የሚሸሸገው በእርሱ ውስጥ ነው። ቸልታ ማለት አሳዳጊው ለልጁ ጤና፣ ትምህርት፣ ምግብ፣ መጠለያ፣ ደኅንነትና ስሜት የሚያስፈልገውን፣ ለቤተሰቡ በሚቻል አቅም ውስጥ እያለ፣ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው። «በሚቻል አቅም ውስጥ» የምትለው ሐረግ የብያኔው ልብ ናት፤ ያለ እርሷ ድህነት ሁሉ ወንጀል ይሆን ነበር። መለያው ጥያቄ ወላጁ ከሌለው ላይ ነው ያልሰጠው ወይስ ካለው ላይ ነው የነፈገው የሚል ሲሆን፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ኪስ በምትወጣ ባለቀለም የክንድ መለኪያ ይገኛል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ የላይኛው ክንድ ላይ የምትጠመጠመው ይህች መለኪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ስትደርስ ቀይ ታሳያለች፣ ትርጉሙም አጣዳፊና ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። በአንድ ቤት ያሉ ልጆች ሁሉ ቢጫና ቀይ ከሆኑ ቤቱ እህል አጥቷል፤ የቤቱ ልጆች አረንጓዴ ሆነው የእንጀራ ልጁ ብቻ ቀይ ሲሆን ግን መለኪያዋ የምትናገረው ስለ እህል አይደለም።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መድኃኒት ማስጣልም፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው የሚሄዱ ሆነው ሳለ፣ የሕክምና ቸልታ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ከሰው ዓይን ሰውሮ በጓዳ ማኖር ደግሞ ቸልታና እፍረት የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ በመጀመሪያ የታገሉት እንዲህ ያሉ ልጆች ከቤት እንዲወጡ ነው። ጠግቦ የሚያድርም ልጅ ቸል ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ተቋም ሕፃናትን ይዞ የተጀመረው ጥናት፣ ምግብና መኝታ ያላቸው ሆኖም የእኔ የሚሉት ሰው የሌላቸው ልጆች በአእምሮ ዕድገታቸው ወደ ኋላ እንደሚቀሩ፣ በሕፃንነታቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ግን ብዙውን እንደሚያገግሙ አሳይቷል። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

ገመና

ወሲባዊ ጥቃት በአማርኛ ከስሙ ጀምሮ ችግር አለበት። ተደፈረች የሚለው ግስ ከድፍረት ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ፣ ቃሉ የተጠቂዋን ውርደት ከአጥቂው ጀግንነት ጋር ያቀራርበዋል። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ፊልም «ድፍረት» በሚል ርእስ የተሰየመው በዚሁ ድርብ ትርጉም ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ፊልሙ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠልፋ አጥቂዋን የገደለችን የ14 ዓመት ተማሪና ለእርሷ የቆሙትን የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች መዓዛ አሸናፊን ታሪክ ይተርካል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን በር ዘግቷል፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ከሦስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ13 ዓመት በታች ሲሆን ደግሞ ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ሕጉ ወንዶች ልጆችንም ይጠብቃል፤ ስለ እነርሱ የሚቀርበው አቤቱታ ግን የሚደርስባቸውን የሚያህል አይደለም።

ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉልበት አይደለም። አጥቂው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ አጎት፣ ተከራይ፣ አስጠኚ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ይሆናል። ከረሜላና ስልክ ይሰጣል፣ ከሌሎች ልጆች ይለየዋል፣ ትንሽ ምስጢር ያስጠብቀዋል፣ ያቺ ምስጢር ስትጠበቅ ትልቋን ይጨምራል፤ ባለሙያዎች ይህን ማላመድ ይሉታል። ወላጅ ጥርጣሬ ሲገባው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ድንግልና ምርመራ ነው፤ ምርመራው ግን ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲቆም ጠይቀዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች የሚበዙት ሲመረመሩ አካላቸው ላይ ምንም የተለየ ነገር አይገኝባቸውም፤ «ምንም አልሆነችም» የሚል የሐኪም ወረቀት ምንም አልተደረገችም ማለት አይደለም። ከአካሉ ይልቅ የሚናገረው ጠባዩ ነው፦ ከዕድሜው በላይ የሆነ የወሲብ ዕውቀት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን ላለመቅረት የሚደረግ መሸሽ፣ ልብስ ላለማውለቅ መታገል፣ ድንገተኛ የትምህርት መውደቅ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ላያስረዳ ይችላል፤ ተደራርበው ሲመጡ ግን ጠያቂ ይፈልጋሉ።

ልጅ ከተናገረ የሚናገረው ዘግይቶና በቁራጭ ነው። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ የሚለው ምሳሌ የልጅን ቃል ለማጣጣል ሲጠቀስ፣ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮላንድ ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ምስጢሩ የተጫነበት፣ ረዳት የሌለውና ከሁኔታው ጋር ለመኖር የተገደደ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል፣ በአሳማኝ መንገድም አይናገርም፣ ቤተሰቡ ሲናወጥ አይቶም የተናገረውን መልሶ ይክዳል። በኢትዮጵያ ይህን ክህደት የሚያፋጥነው ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ነገሩ በቤት እንዲያልቅ የሚደረገው እርቅ ነው። ሽምግልና በሁለት እኩያዎች መካከል ድንቅ ሥርዓት ነው፤ ከባለጉዳዮቹ አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትሆን ግን ስለ እርሷ የሚታረቁት ሌሎች ናቸው፣ እርሷም በማግስቱ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ግቢ ትውላለች። ልጅ ሲናገር የሰማ ሰው ማድረግ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ሳይደነግጥ መስማት፣ እንደሚያምነው መንገር፣ ዝርዝሩን አለመቆስቆስ፣ ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል አለመግባት፣ ልጁ በተናገረበት ቃል መጻፍ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ወይም በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ሥራውን ባንድ ላይ ወደሚሰጥ ማዕከል መውሰድ። ልጅ አንድን ነገር ለአምስት ሰው በተናገረ ቁጥር ሰው እንዳላመነው ይረዳል፣ ታሪኩንም ለጠያቂው እንዲጥም አድርጎ ማስተካከል ይጀምራል።

ይህን ለመከላከል በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ጉዳዮች በተዘጋጁት ችሎቶች ልጁ ከዳኞቹም ከተከሳሹም ተለይቶ መጫወቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ከአንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል፤ ችሎቱ በስክሪን ያየዋል፣ እርሱ ግን ችሎቱን አያይም። ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው የሚጠይቁት በማዳመጫ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይደርሳል፤ እርሷም ጥያቄውን ልጁ ወደሚገባው አማርኛ መልሳ ታቀርባለች። በመጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹና ስለሚወደው ጨዋታ ይወራል፤ አሻንጉሊት ይነሣል፣ ይጣላል፣ ደግሞ ይነሣል። የሕጉ ቃላት በግድግዳው በኩል አያልፉም። በችሎቱ ማይክሮፎን «ተከሳሹ» ተብሎ የገባው ሰው አንዲት ልጅ በተቀመጠችበት ክፍል «ጋሼ» ሆኖ ይወጣል፤ የምታውቀው በዚያ ስሙ ብቻ ነውና።